ጃዝ ይመስላል፣ ግን ሁሉም ተጽፏል፦ የካፑስቲን የፒያኖ ሙዚቃ ምን ዓይነት ነገር ነው?

የኒኮላይ ካፑስቲንን ፒያኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ «ይሄ ጃዝ ነው፤ እዚያው እየፈጠረ ነው የሚጫወተው» ይላል። አይፈረድበትም። ቀኝ እጁ ይሮጣል፣ የተሰናከለ ይመስላል፣ መልሶ ይነሳል። ግራ እጁ እንደ ቤዝ ጊታር ይራመዳል። ሁሉም ነገር አሁን ከጣቶቹ ጫፍ የፈለቀ ይመስላል።

ከዚያ ኖታውን ያያል። እያንዳንዷ ድምፅ፣ እያንዳንዷ ዝምታ፣ ጠንከር ተደርጎ የሚመታው ቦታ ሳይቀር ተጽፏል። የተተወ ክፍተት የለም። ነገ ሌላ ፒያኒስት ቢቀመጥበት የሚጫወተው ያንኑ ነው።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ክላሲካል ነው ስንል ጆሯችን እምቢ ይላል። ጃዝ ነው ስንል ወረቀቱ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ደራሲው ራሱ ፒያኖው ላይ ቁጭ ብሎ የቀረጻቸው ሥራዎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ቀስ እያልን እንፍታው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማን ነበር?

ካፑስቲን በ1937 በምሥራቅ ዩክሬን፣ ሆርሊቭካ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ተወለደ። ገና በጉርምስናው ሞስኮ ገባ። የመጀመሪያው ትልቅ አስተማሪው አቭሬሊያን ሩባኽ ነበር። ቀጥሎ ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ በአሌክሳንደር ጎልደንቫይዘር ሥር ተማረ። ጎልደንቫይዘር ታላላቆቹን የሩሲያ ሙዚቃ ደራስያን ራኽማኒኖቭንና ስክርያቢንን በአካል የሚያውቅ፣ የቶልስቶይ ወዳጅ የነበረ ሽማግሌ ነው። ማለትም ልጁ የተማረው ከዋናው ምንጭ ነው፤ ከሩሲያ የፒያኖ ትምህርት ቤት እምብርት።

ያ የቀን ሥራው ነው። ጃዝ የመጣው በሌላ በር ነው፤ በሬዲዮ። ከ1955 ጀምሮ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ዊሊስ ኮኖቨር የሚያዘጋጀውን የጃዝ ፕሮግራም ያሰራጭ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ጃዝ በስታሊን የመጨረሻ ዓመታት ክፉኛ ይጠረጠር የነበረ ሙዚቃ ነው። ከ1953 በኋላ ነገሩ ላላ አለ። ሬዲዮው ሥር ተኮልኩሎ የሚያዳምጥ ትውልድ ተፈጠረ፤ ካፑስቲን ከእነሱ አንዱ ነበር።

በ1961 ከኮንሰርቫቶሪው ሲመረቅ የተለመደው መንገድ ውድድርና የብቻ ኮንሰርት ነበር። እሱ ግን የኦሌግ ሉንድስትረም ቢግ ባንድ ውስጥ ገባ። ቢግ ባንድ ማለት ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ሳክስፎኑ፣ ከበሮው፣ ቤዙና ፒያኖው በአንድ ላይ የሚጫወቱበት ትልቅ የጃዝ ቡድን ነው። ይኼኛው ባንድ ታሪኩ ራሱ ፊልም ይወጣዋል። በ1934 የተቋቋመው ቻይና፣ ሃርቢን ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ የሩሲያ ወጣቶች ናቸው የመሠረቱት። ከዚያ ወደ ሻንጋይ ሄዱ፤ በ1947 ወደ ሶቪየት ኅብረት ገቡ። ካፑስቲን እዚህ ባንድ ውስጥ እስከ 1972 ድረስ ቆየ። አሥራ አንድ ዓመት! ይህን ቁጥር እንያዘው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በኋላ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሠራ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ኑሮው መጻፍ ሆነ። በ2020 ሞስኮ ውስጥ ሲሞት 20 የፒያኖ ሶናታ፣ 6 የፒያኖ ኮንሰርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) እና ሌላም ብዙ ሥራ ትቶ ነበር። የመጨረሻው የኦፐስ ቁጥሩ 161 ነው። ኦፐስ ማለት ደራሲው ለሥራው የሚሰጠው የተራ ቁጥር ነው፤ የመዝገብ ቁጥር ብንለው ያስኬዳል።

ጃዝ የሚመስለው ምኑ ነው?

መጀመሪያ ምቱ ነው። ሁለት ቃላት ማወቅ ይበቃናል፤ ስዊንግ እና ሲንኮፔሽን።

አንድ ምት ውስጥ ሁለት ድምፆች አሉ እንበል። በክላሲካል አነባበብ እኩል ይከፈላሉ፦ ታ-ታ፣ ታ-ታ። በጃዝ የመጀመሪያው ይረዝማል፣ ሁለተኛው ያጥራል፦ ታአ-ታ፣ ታአ-ታ። ስዊንግ ይህ መወዛወዝ ነው። በመካከለኛ ፍጥነት ልዩነቱ ሁለት ለአንድ ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ ሲጨምር እየጠበበ ሄዶ ወደ እኩልነት ይጠጋል። ልኩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከዘፈን ዘፈንም። ስለዚህ የጃዝ ሰዎች ድምፆቹን እኩል አድርገው ይጽፉና ከላይ «ስዊንግ» ብለው ያልፋሉ። የቀረውን ተጫዋቹ ያውቀዋል።

ሲንኮፔሽን ደግሞ ጆሮ ያልጠበቀው ቦታ ላይ መምታት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልን እናጨብጭብ። ጠንካራው ድምፅ በሁለት ጭብጨባ መሀል ሲወድቅ ሰውነታችን ሳናዘው ክፍተቱን ሊሞላ ይነቃነቃል። ደረጃ ስንወርድ አንድ እርከን የቀረ መስሎን እግራችን ባዶ ላይ ሲሄድ የሚሰማን ድንጋጤ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ደስ ይላል።

ቀጥሎ ኮርዱ አለ። ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ ነው። በጣም የተለመደው ኮርድ ሦስት ድምፅ አለው፤ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ። ጃዝ በዚያ ላይ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ አንዳንዴም ስድስተኛ ድምፅ ይደርባል። ጨለም፣ ለስለስ፣ ትንሽ ግራ የገባው የሚመስል ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ብሉ ኖት» የሚባለውም አለ። የብሉዝ ዘፋኝ አንዳንድ ድምፆችን ወደ ታች ጎተት ያደርጋቸዋል፤ ደስታና ኀዘን መሀል ላይ የሚንጠለጠል ድምፅ ይወጣል። ጊታር ክሩን ስቦ ይህን ማድረግ ይችላል። ፒያኖ አይችልም። እያንዳንዱ ቁልፍ የተቆረጠ ድምፅ ነው ያለው፤ በሁለት ቁልፎች መሀል ምንም የለም። ፒያኒስቶች መፍትሔ አበጁለት፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ወይም አንዱን ከሌላው በቅጽበት አስቀድመው ይመቷቸዋል። ጆሯችን ይታለላል፣ መሀል ያለውን ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። ካፑስቲን ይህን ዘዴ ገጽ በገጽ ጽፎታል።

አሁን ያቺን አሥራ አንድ ዓመት እናምጣት። ካፑስቲን በየምሽቱ ቢግ ባንድ መሀል ተቀምጦ ሰምቷል። ትራምፔቶቹ በአንድነት ሲጮኹ፣ ሳክስፎኖቹ ሲመልሱ፣ ቤዙ ከሥር በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ሲራመድ። በኋላ ለብቻ ፒያኖ ሲጽፍ ያንን ሁሉ ሰው በአሥር ጣት ውስጥ አጨቀው። ግራ እጅ ቤዝም ከበሮም ነው። ቀኝ እጅ ብቸኛ ተጫዋች ይሆንና ድንገት የትራምፔት መንጋ ይሆናል። ፒያኒስቶች ሲጫወቱት ላብ የሚያጠልቃቸው ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ ክላሲካል የሚያሰኘው ምንድነው?

የቤቱ ፕላን። ቤቱ ውስጥ የሚወራው ወሬ ከጃዝ ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ከባኽ፣ ከቤትሆቨንና ከቾፒን ነው።

የተለመደ የጃዝ ቁራጭ አካሄዱ ቀላል ነው። አንድ ዜማ ይጫወታሉ። ከዚያ የዜማውን ኮርዶች ደጋግመው እያዞሩ በየተራ ይፈጥሩበታል። በመጨረሻ ዜማው ይመለሳል። ሶናታ እንደዚያ አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ሐሳቦች ይቀርባሉ። ይጋጫሉ፣ ይቆራረጣሉ፣ ሩቅ አገር ሄደው ይጠፋሉ። በኋላ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ግን ታርቀው ነው። ካፑስቲን ሃያ ጊዜ ሶናታ ጽፏል፤ የትምህርት ቤቱን ሥርዓት ጠንቅቆ ነው የጻፈው።

በ1977 የጻፈው «ስዊት በጥንታዊ ስልት»፣ ኦፐስ 28፣ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በውስጡ አልማንድ፣ ጋቮት፣ ሳራባንድ፣ ቡሬ እና ጂግ አሉ። እነዚህ ባኽ ስዊቶቹን የገነባባቸው የድሮ ጭፈራዎች ናቸው። ርዕሱን አንብበን ስንከፍተው ዊግ ያደረጉ ሰዎችን እንጠብቃለን፤ የሚመጣው የምሽት ክለብ ነው።

በ1988 የጻፋቸው 24 ፕሬሉዶች፣ ኦፐስ 53፣ ደግሞ የቾፒንን መንገድ ይከተላሉ። ፕሬሉድ አጭር፣ ራሱን የቻለ ቁራጭ ነው። ለምን 24? ዜማ ዞሮ ዞሮ ማረፊያ የሚያደርገው አንድ ድምፅ አለ። ፒያኖ ላይ ከታች እስከ ላይ እየተደጋገሙ የሚመጡ 12 የተለያዩ ድምፆች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሜጀር ወይም በማይነር ማረፊያ መሆን ይችላሉ። ሜጀር ብሩህ፣ ማይነር ጥቁር እንበለው። 12 ሲባዛ በ2፣ 24። ባኽ በ1722 ይህን ዙር ሞላ፤ ቾፒን ቀጠለ፤ ሾስታኮቪች በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ ደገመው። ካፑስቲን አንድ ጊዜ አልበቃውም። በ1997 ተመልሶ 24 ፕሬሉድና ፊዩግ ጻፈ፤ ኦፐስ 82።

ፊዩግ የክላሲካል ሙዚቃ ከባዱ ፈተና ነው። አንድ ዜማ ብቻውን ይጀምራል። ሁለተኛ ድምፅ ያንኑ ዜማ ይዞ ይገባል፤ የመጀመሪያው ግን ዝም አይልም፣ ሌላ ነገር እያወራ ይቀጥላል። ሦስተኛው ይገባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ግን ማንም የማንንም ንግግር አያበላሽም። ይህን በስዊንግ ምት ማድረግ... እኔ በበኩሌ ከካፑስቲን ሥራዎች በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ኢምፕሮቫይዜሽን ከሌለ ጃዝ ይባላል?

ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት እየተጫወቱ መፍጠር ነው፤ ሳይጽፉ፣ ሳያጠኑ፣ በዚያው ቅጽበት። የብዙ ሰው መልስ «ይህ ከሌለ ጃዝ የለም» ነው። የሚገርመው ካፑስቲንም እንደዚያው ነው የሚያስበው። በቃለ መጠይቅ ሲጠየቅ፣ እኔ የጃዝ ሙዚቀኛ ሆኜ አላውቅም ብሏል። ኢምፕሮቫይዜሽን አይስበኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ ምን የጃዝ ሙዚቀኛ አለ የሚል ነበር ሐሳቡ። የራሱን ፈጠራዎች ጻፋቸው፤ ሲጻፉም ተሻሻሉ ብሎ ያምን ነበር።

ተዋናይ እናስብ። ድራማ ላይ አንዱ ሲናደድ፣ ሲንተባተብ፣ ቃል ሲጠፋው እናያለን። እውነት ይመስለናል። መንተባተቡ ግን ስክሪፕቱ ላይ አለ፤ ሃምሳ ጊዜ ተለማምዶታል። ካፑስቲን ጸሐፊውም ተዋናዩም ነው። የንግግርን ለዛ እስኪጠግብ ሰምቶ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የጻፈ ጸሐፊ።

ይህን ከሌሎች ጋር ስናስተያየው የበለጠ ይጠራል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ ገርሽዊን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ን በየካቲት 12 ቀን 1924 ኒውዮርክ፣ ኤኦሊያን አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ሥራው የተጻፈው በጥድፊያ ነበር። ለፖል ዋይትማን ባንድ ያቀናበረለት ፈርዲ ግሮፌ ነው። የፒያኖው የብቻ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ወረቀት ላይ አልነበረም፤ የተወሰነው በገርሽዊን ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የባንድ መሪው ኖታ ላይ እዚያ ቦታ የተጻፈው፣ በጭንቅላቱ ምልክት እስኪሰጥህ ጠብቅ የሚል ነው። ገርሽዊን ብቻውን ይጫወታል፤ ሲበቃው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ባንዱ ይገባል። ክፍተቱ በኋላ ተጽፎ ተሞላ።

አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ኪት ጃሬት የሄደው በተቃራኒው ነው። በጥር 1975 ኮሎኝ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ከባዶ እየፈጠረ ተጫወተ፤ ተቀረጸ። ሰዎች ኖታውን ሲወተውቱት ለዓመታት እምቢ አለ። በመጨረሻ ሲፈቅድ፣ ዋናው ማጣቀሻ ቅጂው ነው፣ ወረቀቱ አይደለም የሚል ሁኔታ አስቀመጠ።

ካፑስቲን ዘንድ ቅጂው ሳይኖርም ሥራው አለ። ታዲያ ለምን እሱ ራሱ ሲጫወት መስማት ያስፈልገናል?

ደራሲው ሲጫወት ምን ይጨመራል?

ኖታ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሁሉንም ግን አይናገርም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ፤ ይህን ይላል። የሁለት ድምፆች መወዛወዝ በትክክል ስንት ነው? ይህ ድምፅ ጠንከር ይበል ሲባል ምን ያህል? ፔዳሉ መቼ ይለቀቅ? እዚህ ላይ ወረቀቱ ዝም ይላል።

ክላሲካል ብቻ ተምሮ ያደገ ፒያኒስት ዝምታውን በራሱ ልማድ ይሞላዋል። ዜማው ሲያምር ፍጥነቱን ለቀቅ ያደርጋል፤ ፔዳሉን ረግጦ ድምፆቹን ያዋህዳል። ለቾፒን ይህ ቆንጆ ነው። ጃዝ ውስጥ ግን ምቱ እንደ ሰዓት ካልሄደ ሲንኮፔሽኑ ይሞታል። ጭብጨባው ራሱ ከተንቀሳቀሰ፣ ከጭብጨባው ውጪ መምታት ምን ትርጉም አለው?

የካፑስቲንን የራሱን ቅጂዎች ስናዳምጥ ይህ በደንብ ይሰማል። በፈጣኖቹ ሥራዎች ላይ ምቱ ፈቀቅ አይልም፤ ከጀርባው የማይታይ ከበሮ መቺ ያለ ይመስላል። ፔዳሉ ቁጥብ ነው። ድምፁ ደረቅ፣ ጥርት ያለ። ትልልቅ አፍታዎችን አያስጌጥም፤ ከባድ ቦታ ሲደርስም «እዩኝ» አይልም። ሌሎች ሲጫወቱት የሚያንጸባርቀው ቦታ እሱ ጋ ተራ ወሬ ይሆናል። ለእኔ ጆሮ ያ ነው ጣዕሙ።

«ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል። ታዲያ የደራሲው ቅጂ የመጨረሻው ቃል ነው ማለት ነው? እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ገርሽዊን ከዋይትማን ባንድ ጋር «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ን በ1924 እና በ1927 ሸክላ ላይ ቀርጿል። ሁለቱም ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ናቸው፤ ብዙ ተቆርጧል። ምክንያቱ ኪነ ጥበብ አይደለም። የሸክላው አንድ ገጽ ከዚያ በላይ ስለማይዝ በሁለት ገጽ መጨረስ ነበረበት። ያንን ሰምቶ «ገርሽዊን የፈለገው እንዲህ አጭር ነው» ማለት ስህተት ይሆናል።

አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ጨርሶ አይጫወትም። ፈረንሳዊው ደራሲ ራቬል ጃዝ የገባበትን የፒያኖ ኮንሰርቶውን ራሱ ሊጫወተው አስቦ ነበር። ጤናው አልፈቀደም። በጥር 1932 ፓሪስ ውስጥ ማርጌሪት ሎንግ ተጫወተችው፤ እሱ ኦርኬስትራውን መራ። ሥራው በዚህ ምክንያት ጎደለ የሚል የለም።

ስለዚህ የደራሲ ቅጂ ሕግ ሳይሆን ምስክርነት ነው። የካፑስቲን ደግሞ በተለይ ጠቃሚ ምስክርነት ነው፤ ጽሑፉ የተሟላ ስለሆነ፣ ከወረቀቱ ውጪ የቀረችውን ትንሽ ነገር ለይተን መስማት እንችላለን።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ዝናው ለምን ዘገየ?

ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ነው። ለኮንሰርት አዳራሹ ሰው ጃዝ ነበር። ለጃዝ ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር ነበር። ቅጂዎቹ ሶቪየት ውስጥ ሜሎዲያ በሚባለው ኩባንያ ታትመዋል፤ ወደ ውጭ ግን ብዙም አልሄዱም። ካፑስቲን ራሱም መድረክ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ በኋለኞቹ ዓመታት ስቱዲዮ ገብቶ መቅረጽን መርጧል።

በሩ የተከፈተው በሌሎች እጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ኦዝቦርን በ2000፣ ካናዳዊው ማርክ-አንድሬ አምለን በ2004 ሙሉ አልበም በሥራዎቹ አወጡ። ያኔ ካፑስቲን ስድሳውን አልፎ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወጣት ፒያኒስቶች ብርታታቸውን ማሳየት ሲፈልጉ ከሚመርጧቸው ሥራዎች መሀል የእሱ አሉ።

ከየት ልጀምር?

ከስምንቱ የኮንሰርት ኤቲዩዶች፣ ኦፐስ 40፣ በ1984 ከተጻፉት። ኤቲዩድ ማለት አንድን የጣት ችግር ለመለማመድ የሚጻፍ ቁራጭ ነው፤ እነዚህ ግን ለመድረክ የሚበቁ ናቸው። የመጀመሪያው ፈጣንና ጉልበተኛ ነው። ሦስተኛው፣ «ቶካቲና»፣ አንድን ቁልፍ ደጋግሞ በመምታት ላይ የቆመ ነው። ሰባተኛው በጥንድ ድምፆች እየተሳለቀ ይሄዳል።

መጀመሪያ ኦዝቦርንን ወይም አምለንን እንስማ። ከዚያ ወዲያው ካፑስቲንን። ቀኝ እጁን ለጊዜው እንርሳው፤ ዓይን የሚስበው እሱ ስለሆነ ያታልላል። ግራ እጁን ብቻ እንከተል፤ በእግራችንም ምቱን እንቁጠር። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ስንደርስ እግራችን የማንን ምት እየመታ እንደሆነ እናያለን።